የአርምስትሮንግ ጥሩምባ በጆሃንስበርግ

«ጥሩምባ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን፣ ማለዳ የጎረቤት ሞት የሚያረዳው የእድር ጥሩምባ ነው። ስለ ሂዩ ማሴኬላ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ ስመልስ ይህ ቃል ሁልጊዜ ያስቸግረኛል፤ «ትራምፔት» ብዬ ብተወውም ልቤ አያርፍም። የሰውየውን ሕይወት ሳስብ ግን የእድሩ ጥሩምባ ከእሱ ያን ያህል የራቀ አይመስለኝም።

ማሴኬላ እ.ኤ.አ. በ1939 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርባት በዊትባንክ ተወለደ። ያሳደጉት አያቱ ከሕግ ተሸሽገው ለማዕድን ሠራተኞች መጠጥ ይሸጡ ነበር። ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊ፣ ከሌሶቶ በባቡር የመጡት ሠራተኞች ስለተለዩት አገርና ቤተሰብ ሲያወጉ ልጁ ያዳምጥ ነበር።

በ14 ዓመቱ ግድም የአንድ ጥሩምባ ነፊ ታሪክ የሚያሳይ ፊልም ተመልክቶ ልቡ ተሰረቀ። በተማሪ ቤቱ የነበሩት እንግሊዛዊው ቄስ ትሬቨር ሃድልስተን የመጀመሪያውን ጥሩምባ ገዙለት። ቄሱ አገሪቱን ከለቀቁ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሉዊስ አርምስትሮንግን አግኝተው ስለ ልጆቹ ባንድ አጫወቱት፤ እሱም በ1956 ጥሩምባ ላከላቸው። ማሴኬላ ያን ጥሩምባ ይዞ በደስታ ሲዘል አልፍ ኩማሎ ያነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል።

በ1959 ከአብዱላህ ኢብራሂም፣ ከኪፒ ሞኬትሲና ከጆናስ ግዋንግዋ ጋር «ጃዝ ኤፒስልስ»ን መሠረተ። ባንዱ የጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የመጀመሪያ የሆነውን የጃዝ አልበም ቀርጾ ብዙም ሳይቆይ፣ ማርች 21 ቀን 1960 ፖሊስ በሻርፕቪል 69 ሰዎች ገደለ። መሰብሰብ ተከለከለ፤ ባንዱ ተበተነ፤ ማሴኬላም በለንደን በኩል ኒው ዮርክ ገባ። ስደቱ ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ ላይ የዘፈነችው ሚርያም ማኬባ ከ1964 እስከ 1966 ባለቤቱ ነበረች። በ1968 «ግሬዚንግ ኢን ዘ ግራስ» በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣለት። ደስ የሚል ሙዚቃ ነው፤ ለእኔ ግን ታላቅ ሥራው «ስቲሜላ» ነው። በ1974 በወጣው በዚህ ዘፈን የአያቱ ደንበኞች የመጡበት ባቡር በገዛ ጉሮሮው ያፏጫል፣ ይጮኻል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ አገሩን ከቅርብ ለማየት ያህል ቦትስዋና ተቀመጠ። በ1985 ኔልሰን ማንዴላ ከእስር ቤት በምስጢር የላኩለት የልደት ደብዳቤ ደረሰው። ሰውየው ታስረው ነፃ የሆነውን ሰው ያበረታታሉ! «ወደ ቤቱ መልሱት» የሚለው ዘፈን የተወለደው ከዚያ ደብዳቤ ነው። በዚያው ዓመት ጁን 14 የደቡብ አፍሪካ ጦር ጋቦሮኔን ወርሮ 12 ሰዎች ገደለ፤ ከሟቾቹ መካከል ወዳጆቹ ነበሩ። እሱም እንደገና ወደ እንግሊዝ ተሰደደ።

ማንዴላ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ተፈቱ። ማሴኬላም በዚያው ዓመት አገሩ ገባ፤ ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 በ78 ዓመቱ ያረፈውም እዚያው ጆሃንስበርግ ነው።