ዴድላይን፦ ከምርኮኞች አጥር እስከ ጋዜጣ ክፍል

በአማርኛ «ቀነ ገደብ» የሚባለው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግን እንዳለ «ዴድላይን» እየተባለ የሚነገረው የእንግሊዝኛ ቃል «ሙት» እና «መስመር» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተጣመረ ሲሆን፣ አመጣጡን ወደ ኋላ የሚከተል ሰው የሚደርሰው ከሰዓትና ከቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ዘመን ከነበሩት የምርኮኛ ማጎሪያዎች ነው።

ከእነዚህ ስሙ እጅግ የከፋው አንደርሰንቪል፣ ከኅብረቱ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1864 መጀመሪያ ጆርጂያ ውስጥ የከፈተው፣ ዙሪያውን በግንድ የታጠረ ጣሪያ የሌለው ሜዳ ነበር። ለ10,000 ሰው ታስቦ ቢሠራም በዚያው ዓመት ክረምት ከ30,000 በላይ የሰሜን ወታደሮች ታጉረውበታል። ከግንዱ አጥር 6 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በአጫጭር ችካሎች ላይ የተመታ ቀጭን አግዳሚ እንጨት ግቢውን ይዞረው ነበር፤ «ዴድላይን» የተባለውም ይኸው እንጨት ነው። የተሻገረውን ሁሉ በአጥሩ ላይ ከተሠሩት ማማዎች ዘቦች ይተኩሱበት ነበር። ግቢውን አቋርጦ የሚያልፈው ጅረት በቆሻሻ የተበከለ ስለነበር፣ ጥቂት የጠራ ውኃ ለመቅዳት እጃቸውን ከእንጨቱ በታች አሳልፈው የዘረጉ ምርኮኞች ጭምር መገደላቸውን ከሞት የተረፉት መስክረዋል። ይሁን እንጂ ከገቡት 45,000 ያህል ሰዎች ወደ 13,000 የሚጠጉትን የፈጀው በአብዛኛው ጥይት ሳይሆን ተቅማጥና ስከርቪ፣ ማለትም አትክልትና ፍራፍሬ ከማጣት የሚመጣው በሽታ ነበር።

ቃሉ በሰፊው የተሰማው ከጦርነቱ በኋላ፣ የማጎሪያው አዛዥ ካፒቴን ሄንሪ ዊርዝ ዋሽንግተን ውስጥ በወታደራዊ ችሎት በቀረበ ጊዜ ነው። መስመሩን ማስመሩና ዘቦቹን እንዲተኩሱ ማዘዙ በክሱ ውስጥ በግልጽ ሰፍሮ የነበረ ሲሆን፣ ጥፋተኛ ተብሎ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 1865 በስቅላት ተቀጣ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቃሉ በማተሚያ ቤቶች ይሠራበት ነበር፤ በዚያ የሚያመለክተው በማተሚያ መኪና መደብ ላይ ያለውን፣ ከእርሱ የወጣ የእርሳስ ፊደል በወረቀቱ ላይ ሊታተም የማይችልበትን መስመር ነው። ይህ የሙያ ቃል በቀጥታ ከአንደርሰንቪል ወርዷል ብሎ የሚያያይዝ የጽሑፍ ማስረጃ ስለሌለ፣ ሁለቱን በአንድ ክር የሚያስተሳስረው የተለመደ ትረካ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። የማያጠራጥረው ግን ጊዜን የሚመለከተው ትርጉም የተወለደው በአሜሪካ የጋዜጣ ክፍሎች መሆኑ ነው፤ በ1920ዎቹ ዘጋቢዎች ዜናቸው ለዕለቱ እትም እንዲደርስ የተወሰነላቸውን የመጨረሻ ሰዓት የሚጠሩት በዚሁ ስም ነበር።