ዋንዛን ለጣውላ ማልማት

ዋንዛ ለጣውላ እጅግ ከሚፈለጉት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው። በር፣ መስኮት፣ የቤት ዕቃና ከበሮ ይሠራበታል፤ ነጭ አበባውን ንብ ይቀስመዋል፤ ለቡናም ጥላ ይሆናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ጽድና ዝግባ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ የነገው ጣውላ ከማሳ ዳርና ከጓሮ መገኘት ይኖርበታል።

ዘሩ የሚወሰደው በሚገባ ከበሰለ ፍሬ ሲሆን፣ የሚያጣብቀው ሥጋው ታጥቦ ይወገዳል። ችግኙ ክረምት ሲገባ ይተከላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ከከብት ንክኪ ይጠበቃል።

ዋንዛ በገላጣ ቦታ ብቻውን ሲያድግ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ እያወጣ ይጣመማል። ቀጥ ያለ ግንድ የሚፈልግ ገበሬ የጎን ቅርንጫፎችን ገና ቀጫጭን ሳሉ በስለታም መሣሪያ፣ ግንዱን ሳይልጥ መግረዝ ይገባዋል። ዘግይቶ የተቆረጠ ወፍራም ቅርንጫፍ በጣውላው ላይ ትልቅ ጉጥ ይተዋል። ተጠጋግተው ከበቀሉትም ጠማማውና ደካማው እየተነሣ ለቀጥተኛው ቦታ ይለቀቅለታል።

ዛፉ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጃልና በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት መትከል ይበጃል፤ የደረሰው በተራ ሲቆረጥ ተተኪው በጎኑ ያድጋል። ከመቁረጥ በፊት ግን ስለ ፈቃድ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።