ማን መሰከረለት?

በጎንደር ምድር «ማስተማር እችላለሁ» ማለትና «እንዲያስተምር ተመስክሮለታል» መባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የድጓ መምህር መሆን የሚፈልግ ሰው የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ደቡብ ጎንደር ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ ላይ ይመሰከራል። የጎንደር አቋቋም ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በአታ ለማርያም። ምስክር ቤት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ፣ በየደጁ እየለመነ የተማረው የቆሎ ተማሪ ከምስክር ቤት ከወጣ በኋላ፣ በማያውቀው አገር ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ተወለድክ?» ሳይሆን «የት አስመሰከርክ?» የሚል ነው።

እኔ የቤተ ክህነት ሰው አይደለሁም። የምህንድስና ተመራቂ፣ በሥራዬ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። በእኛ ሙያ ሁለት ጥያቄዎችን አንቀላቅልም። አንደኛው «ማን ነህ?» ነው፤ ሁለተኛው «ምን ተፈቅዶልሃል?»። ትክክለኛ የይለፍ ቃል አስገብተህ ገብተህም፣ አንዳንዱ በር አይከፈትልህም። ምስክር ቤት ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይመልስ ነበር። የባሕር ማዶ ሥራ ግን ለያይቷቸዋል። እውቀትህን ያስመሰከርክበት ወረቀት እጅህ ላይ ነው፤ ፈቃዱ ግን ሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። ውጭ አገር ማስተማር የምትፈልጉ ሁሉ ይቺን ልዩነት ብትይዙ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

ታሪኩ ደግሞ ከምናስበው በላይ ሩቅ ይሄዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ከመቆርቆራቸው ትንሽ ቀደም ብለው ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው ነበር። በዚያ ግርግር አገራቸውን ለቅቀው ከሄዱት የካቶሊክ ወገኖች አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ የመካነ ሥላሴ፣ የአማራ ሰው። ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ሳሉ፣ በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ፈልጓቸው መጣ። ግዕዝ ከመጽሐፍ ሞክሮ ነበር፤ የጎደለው መምህር ነው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ጋበዟቸው፤ እሳቸውም ፍሪደንሽታይን በተባለው ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ሉዶልፍን አስተማሩ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረቱ ይህ ትምህርት ነው።

የአባ ጎርጎርዮስ የሥራ ፈቃድ ምን ነበር? የመስፍኑ ግብዣ። አለቀ። ጋባዡ ራሱ ሕግ ነው። ግብዣው ሲያበቃ ግን የሚይዙት ምንም ነገር የለም። በ1658 የተሳፈሩበት መርከብ በሜዲትራኒያን ባሕር ተሰብሮ ሞቱ።

ከ250 ዓመት በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ፣ አዲስ ዘመን አካባቢ ይፋግ የምትባል ከተማ አለች። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የዚያ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በ1861 አካባቢ ነው። ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቅኔውን ደግሞ ጎጃም ወርደው ተቀኙ። በ1905 ኢትዮጵያና ጀርመን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት በጀርመን መንግሥት ጥያቄና በአፄ ምኒልክ ፈቃድ አለቃ ታዬ በርሊን ሄደው በምሥራቃዊ ቋንቋዎች ሴሚናሪ ማስተማር ጀመሩ። ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። ኋላ ትልቅ ስም ያወጣው ምሁር ኦይገን ሚትቮኽ ከእሳቸው ጋር የሠራው እዚያ ነው።

ልዩነቱን አያችሁ? አባ ጎርጎርዮስን የጠራቸው አንድ ሰው ነው። አለቃ ታዬን የጠራቸው መንግሥት፣ የላካቸውም መንግሥት ነው። ከፊት ተቀባይ፣ ከኋላ ላኪ፣ በመሃል የሚያስተምሩበት የታወቀ ተቋም። ዛሬ «ሕጋዊ» የምንለው ነገር አጥንቱ ይኸው ነው።

በዚያው ዘመን የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቃውያን ተቋም አማርኛ ያስተምር ነበር። ልብ ወለድ ታሪክ የተባለውን መጽሐፉን በ1908 ሮም ያሳተመውም በዚያው የማስተማር ዘመኑ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ከአስተማሪ ጠረጴዛ ወጣ ማለት ነው፤ ያውም ከውጭ አገር ጠረጴዛ።

የመምህራን ጉዞ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረውም። ጎንደርም በተራዋ ተቀባይ ሆናለች። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የውጭ አገር መምህራን ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በ1962 ደግሞ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ገቡ፤ ጎንደርም ደረሷት። ህንዳውያኑማ በየአውራጃው ነበሩ፤ አባቶቻችን ዛሬም የሂሳብ መምህራቸውን የእንግሊዝኛ አነጋገር እያስመሰሉ ያስቁናል። አብዛኞቹ የሰላም ጓድ ልጆች ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ክፍል ውስጥ ያቆማቸው የረጅም ዘመን ልምድ ሳይሆን ሁለት መንግሥታት የተስማሙበት ውል ነው። ይህን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም፤ በእነሱ እጅ ተምሮ ሰው የሆነ ብዙ ነው። የምለው፣ ፈቃድ ከእውቀት ተለይቶ እንደሚሄድ እንድናይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ዛሬ መስፍን አይጋብዘንም፤ ንጉሥም አይልከንም። ኢንተርኔት ላይ «እንግሊዝኛ አስተማሪ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እናያለን፤ ዲግሪ አለን፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ምን ይጎድላል? ደቡብ ኮሪያን ውሰዱ። ለውጭ ቋንቋ አስተማሪዎች የምትሰጠው ኢ-2 የተባለ ቪዛ፣ እንግሊዝኛ ለማስተማር ሲሆን የሰባት አገሮችን ዜግነት ይጠይቃል፦ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ አየርላንድና ደቡብ አፍሪካ። ጎበዝ ነህ ሰነፍ ነህ የሚለው ጥያቄ ገና አልደረሰም። ፓስፖርቱ ቀድሞ መልሷል።

ያናድዳል፤ አዎ። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። አለቃ ታዬን በርሊን ያደረሳቸውም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሐሳብ ነው፤ ቋንቋውን ከባለቤቱ መማር። ያ ሐሳብ ትናንት ለይፋጉ ሰው በር ከፈተ፤ ዛሬ ለይፋጉ ልጅ በር ይዘጋል። ስለዚህ እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ የእንግሊዝኛው በር ላይ ደጅ ስንጠና ዕድሜ ከምንጨርስ፣ የእኛ ምስክርነት የሚሠራባቸውን በሮች እንወቅ። አንደኛው የትምህርት ዓይነት ማስተማር ነው፤ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኮምፒውተር። እዚህ ላይ በብዛት የሚመዘነው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሳይሆን የማስተማር ብቃት ማረጋገጫ ነው። እንደኔ የምህንድስና ዲግሪ ብቻ ያለው ሰው አገር ቤት እንኳ ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ዲፕሎማ ይጠየቃል። ሁለተኛው የራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛ ሃምቡርግ፣ ፓሪስና ኔፕልስ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ተሰጥቷል። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም በ2017 ግዕዝ ማስተማር ጀምሯል። ወንበሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን የጎንደር ሊቅ ያለው እውቀት እዚያ ብርቅ ነው።

የትኛውንም በር ብትመርጡ፣ የዛሬው ምስክር ቤት ማህተም ነው። ዲግሪው ከዩኒቨርሲቲው ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደሚሄዱበት አገር ኤምባሲ ይዞራል። ያሰለቻል። ግን ይህ የእኛ ድርሻ የሆነው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የቀጣሪው ነው።

አንድ የደባርቅ ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ ሂሳብ ያስተምራል። ከእስያ የሥራ ግብዣ መጣለት፤ ደመወዙ የሚያጓጓ ነው። ለትኬቱ ቤተሰቡ በሬ ሊሸጥ ተስማማ። «በቱሪስት ቪዛ ና» አሉት። እሱ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጻፈላቸው፦ «የሥራ ፈቃዱን የሚያወጣው ማን ነው፤ መቼስ ነው የሚወጣው?» መልሱ «ስትመጣ እናስተካክላለን» ሆነ። ውሉ ላይ ስማቸውንና የምዝገባ ቁጥራቸውን እንዲያሰፍሩ ሲጠይቃቸው ዝም አሉ። እሱም ቀረ፤ በሬውም ቀረ።

ሄዶ ቢሆንስ? የቱሪስት ቪዛ ይዞ ደመወዝ መቀበል ክልክል በሆነበት አገር፣ ደመወዙን ቢከለክሉት ለማን ይከሳል? ክስ መመሥረት ራሱን ማጋለጥ ነው። ሕጋዊነት ቢሮክራሲ ብቻ መስሎ የሚታየን እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተን። ፈቃዱ ቀጣሪው ላንተ የፈረመልህ ምስክርነት ነው፤ «ይህ ሰው የእኔ መምህር ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ» የሚል። ቀጣሪህ በመንግሥቱ ፊት ይህን ለመናገር ካፈረ፣ ክፍል ውስጥ «መምህር» ቢልህ ምን ይጠቅማል?

ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማዕከል አለ፤ ስሙ የኢዮብ ሉዶልፍ ማዕከል ነው። የተማሪው ስም ነው። የመምህሩን ስም የምናውቀው ሉዶልፍ ሐቀኛ ሰው ስለነበረና «ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ብሎ ስለጻፈ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ዕድል ቀንቷቸው ሐቀኛ ተማሪ ገጠማቸው። እኛ ግን በዕድል አንሂድ። ከመሄዳችን በፊት ስማችን በማን መዝገብ ላይ፣ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እንጠይቅ።