ቬዴኖ፦ የተራራ ወረዳና የኢማሙ ዲዋን

የቼችኒያ ስም ሲነሳ በአንባቢ ልቡና ቀድሞ የሚመጣው ጦርነት ነው። የኢማም ሻሚል ታሪክም ቢሆን በአብዛኛው የተጻፈው የአንድ ተዋጊ ገድል ሆኖ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ኢማሙ ራሱ ሳይሆን የተቀመጠበት አገር፣ ቬዴኖ የተባለው የተራራ ወረዳ ነው። ይህች ምድር ከ1845 እስከ 1859 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ኢስላማዊ መንግሥት መናገሻ ነበረች። መናገሻነቷን ትቶ ጦር ሜዳነቷን ብቻ የሚያወሳ ታሪክ ዋናውን ነገር ስቷል።

ወረዳው በዛሬዋ የቼችኒያ ሪፐብሊክ ደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ከሜዳማው ሰሜን የሚነሳው መንገድ የኹልኹላው ወንዝን ተከትሎ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ በተራሮች ወደተከበበ ገላጣ ስፍራ ይደርሳል። የቬዴኖ ስም በቼችኖች ቋንቋ «ደልዳላ ቦታ» ማለት ነው ይባላል፤ አቀማመጡን ላየ ሰው ትርጉሙ እንግዳ አይሆንበትም። መንገዱ በኻራቾይ መንደር አልፎ ወደ ከፍተኛው ሸንተረር ሲወጣ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,870 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከዛፍ በራቀ ተራራ መካከል የኬዜኖያም ሐይቅ ይገኛል። ከሐይቁ ወዲያ ዳግስታን ነው። እንግዲህ ቬዴኖ ላይ የተቀመጠ ገዥ አንድ እጁን በቼችኒያ እህልና ደን ላይ፣ ሌላውን በዳግስታን ተራሮች ላይ ያሳርፋል። ከአቫር ሕዝብ የተወለደውና በ1840 ቼችኖች ኢማማቸው አድርገው የተቀበሉት ሻሚል የፈለገው ይህንኑ ነበር። ቀዳሚ መቀመጫው ዳርጎ ነበረች። በ1845 ልዑል ቮሮንትሶቭ ታላቅ ጦር አስከትቶ ወደ ዳርጎ ዘመተ፤ መንደሯን የተቃጠለች ሆና አገኛት፣ ሲመለስም በደኑ ውስጥ ሠራዊቱ ክፉኛ ተጎዳ። መናገሻው ወደ ቬዴኖ የተዛወረው ከዚህ በኋላ ነው።

የአስተዳደሩ አሠራር ከጦርነቱ ያላነሰ ልብ ሊባል ይገባዋል። አገሩ ናኢብ በሚሾምባቸው ግዛቶች ተከፈለ። ናኢቡ ጦር ይመራል፣ ጸጥታ ያስከብራል፣ ገቢ ይሰበስባል። አሥር አሥር ቤተሰብ አንድ ሙርተዚቅ፣ ማለትም ቋሚ ፈረሰኛ፣ ይቀልባል። ዘካና የምርኮው አንድ አምስተኛ (ኹምስ) ለበይቱል ማል ይገባሉ። ኒዛም በተባለው የሻሚል ደንብ ውስጥ ግን ከሁሉ ይልቅ ትኩረቴን የሳቡት ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው ናኢቦች፣ ዓሊም ቢሆኑ እንኳ፣ የሸሪዓን ጉዳይ ለሙፍቲና ለቃዲ እንዲተዉና በክርክሩ እንዳይገቡ ያዛል። ሁለተኛው በሕዝቡ ዘንድ ጥርጣሬ እንዳይነሳ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሹመት መስጠትን ይከለክላል። ሰይፍ የያዘው እንዳይፈርድ፣ የሚፈርደውም ሰይፍ እንዳይዝ መሆኑ ነው። ያለማቋረጥ በውጊያ ላይ ለነበረ መንግሥት ይህ ቀላል ገደብ አይደለም፤ በጦርነት ጊዜ ሥልጣንን በአንድ እጅ መጠቅለል ይቀላልና።

ደንቡ ሁልጊዜ ይከበር ነበር ማለት ግን አይቻልም። አንዳንድ ናኢቦች በስግብግብነታቸው ሕዝቡን አስመርረዋል፤ ይህ ምሬት ኢማምነቱን ከውስጥ ካዳከሙት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም። ቢሆንም የተጣሰ ደንብ ደንብ ካለመኖር ይለያል። ሕዝቡ ናኢቡን የሚከስበት መለኪያ ነበረው።

ቬዴኖ በኤፕሪል 1859 በጄኔራል ዬቭዶኪሞቭ ጦር እጅ ወደቀች። በዚያው ዓመት ሻሚል ጉኒብ ላይ እጁን ሰጠ፤ በ1871 በመዲና አርፎ በበቂዕ ተቀበረ። ሩሲያውያን በቬዴኖ ምሽግ ሠሩ፣ አገሩንም በወታደራዊ ሹም ሥር አደረጉት። የፍርዱ ሥራ አቅጣጫ የተለወጠው ያኔ ነው። አዲሱ አገዛዝ ዓዳ፣ ማለትም የአገሬው ልማድ፣ እንዲበረታታ፣ የቃዲው ሥልጣን ደግሞ በጋብቻ፣ በውርስና በመሳሰሉት ጉዳዮች እንዲወሰን አደረገ። ልማድን ማክበር ይመስላል፤ ዓላማው ግን ሸሪዓ መንደሮችን ያስተሳሰረበትን ገመድ ማላላት ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡን የሰበሰበው ሌላ ድምፅ የኩንታ ሐጂ ነበር። በወሎና በሐረር ለምናውቃት የቃዲሪያ ጦሪቃ ተከታዮች እንግዳ ባልሆነ ዚክር ደም መፋሰስ እንዲቆም ሰበከ። በ1864 ተይዞ ተጋዘ፤ በግዞትም ሞተ። የእናቱ የሄዳ ቀብር በዚሁ ወረዳ፣ ከጉኒ መንደር አቅራቢያ በኤርታን ተራራ ላይ ይገኛል፤ እስከ ዛሬም ይዘየራል።

ወረዳውን ከሁሉ በላይ የናጠው ግን የሶቪየት አስተዳደር ነው። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944 የቼችኖችና የኢንጉሾች ግዞት ተጀመረ፤ ሕዝቡ በባቡር ተጭኖ ወደ መካከለኛው እስያ ተወሰደ። ቬዴኖ ለዳግስታን ተሰጠች። ባዶ በቀሩት ቤቶች እንዲገቡ የተደረጉት የዳግስታን ተራራ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የመጡት ተገድደው ነው። ሪፐብሊኩ በ1957 ሲመለስ ባለቤቶቹ መጡ፣ ሰፋሪዎቹም እንደገና ተነሡ። በሐይቁ ዙሪያ የነበረው የቼበርሎይ ወረዳ ግን አልተመለሰም። የከፍተኛው ተራራ ነዋሪዎች ወደ ሜዳው እንዲወርዱ ስለተደረገ፣ እንደ ኾይና ማካዦይ ያሉት መንደሮች ለብዙ ዘመን ሰው አጡ። የቬዴኖ ካርታ ወደ ደቡብ ሰፍቶ እስከ ሐይቁ የሚደርሰው የእነዚህ መንደሮች መሬት ስለተጨመረበት ነው።