የሊበን ላርክና የጃቫ ስቲንግሬይ፤ ምደባቸውና የጥበቃ ደረጃቸው

የሊበን ላርክና የጃቫ ስቲንግሬይ ሁለቱም አከርካሪ ያላቸው እንስሳት ቢሆኑም በመደብ ይለያያሉ። ዘማሪዋ ላርክ በአዕዋፍ መደብ፣ በፓሰሪፎርምስ ክፍለ መደብና በአላውዲዴ አስተኔ ትመደባለች። ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ የነበረው ስቲንግሬይ ደግሞ አጽማቸው ልም አጥንት በሆነ ዓሦች መደብ፣ በሚሊዮባቲፎርምስ ክፍለ መደብና በዩሮሎፊዴ አስተኔ ሥር ይገኛል።

በጥበቃ ደረጃም ይለያያሉ። የጃቫው ስቲንግሬይ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1862 በኢንዶኔዥያ ጃካርታ ከሚገኝ የዓሣ ገበያ በተወሰደ አንድ ናሙና ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ዝርያው ከምድረ ገጽ መጥፋቱን አስታውቋል። ለዚህም ቁጥጥር የሌለው ዓሣ ማስገርና የባሕር ዳርቻዎች መጎዳት በምክንያትነት ተጠቅሰዋል። በሰው ልጅ ተግባር ሳቢያ መጥፋቱ የተገለጸ የመጀመሪያው የባሕር ዓሣ ነው።

በነገሌ ከተማ አቅራቢያ በሊበን ሜዳ የምትኖረው ላርክ በኅብረቱ ቀይ መዝገብ "ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ" በሚለው ደረጃ ሰፍራለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት የሊበንና የጅግጅጋ ላርኮች እ.ኤ.አ. በ1922 ለመጨረሻ ጊዜ ከታየው የአርቸር ላርክ ጋር አንድ ዝርያ መሆናቸውን አመልክቷል።

ላርኳ ጎጆዋን የምትሠራው በሣር መካከል መሬት ላይ በመሆኑ ልቅ ግጦሽ፣ የእርሻ መስፋፋትና የቁጥቋጦ ወረራ ህልውናዋን ይፈታተናሉ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች "ካሎ" በሚሉት ከግጦሽ የተከለለ መሬት ሣሩ ያገግማል፤ ላርኳም መጠለያ ታገኛለች። ለስቲንግሬዩ ያልተገኘው ዕድል ለእርሷ አሁንም አለ፤ ፍጻሜው የሚወሰነውም በመሬት አጠቃቀም ላይ በሚሰጠው ውሳኔ ነው።