የኋላውን ማን ያቁመው?

‹‹ፍሬን›› የምትለዋን ቃል ማን አመጣልን? ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ጥያቄ ከሰዓት በኋላ ጣል ያደረገ ሰው እስከ መግሪብ የሚያቆይ ክርክር ያገኛል፡፡ አንዱ ‹‹ከባቡሩ ጋር የመጣች የፈረንሳይ ቃል ናት›› ይላል፡፡ ሌላው ‹‹ኧረ አቦ! ፍሪሲዮኑንም፣ ካምቢዮውንም፣ ጎማውንም ያመጣው ጣሊያን አይደል? ፍሬንም የእሱ ናት!›› ብሎ ይሞግታል፡፡ ዳኛ እንሁን ካልን ሁለቱንም የሚያስታርቅ ፍርድ አለ፡፡ የፈረንሳዩም የጣሊያኑም ቃል የተወለዱት ከአንድ የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ልጓም ማለት ነው፡፡

ልጓም! የዛሬው ወጋችን እዚህች ቃል ላይ ነው፡፡ ልጓም የሚገባው በሚጎትተው አፍ ነው፤ ከኋላ የሚጎተተው አፍ የለውም፡፡ ጋሪ ነጂ ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ ቁልቁለት ላይ ፈረሱን መከራ የሚያበላው መጎተቱ ሳይሆን ጋሪው ከኋላ እየገፋ መምጣቱ ነው፡፡ ታዲያ የኋላውን ማን ያቁመው? ባቡሩም፣ ተሳቢ መኪናውም፣ አሁን ደግሞ ትንሽ ተሳቢ ያንጠለጠለው አሮጌ ፒካፕም በየተራ የተፈተኑበት ጥያቄ ይኸው ነው፡፡

ከተራራው ሥር

ድሬዳዋ የዳገት ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ መጀመሪያ ሊደርስ የታሰበው ከጅቡቲ ሐረር ነበር፡፡ ሐረር ግን ተራራው ላይ ናት፡፡ ያን ገደል በሐዲድ መውጣት ጉልበትም ገንዘብም የሚጨርስ ስለሆነ መስመሩ ተራራውን ትቶ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፡፡ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ሥር ደረሰ፤ እዚያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፡፡ ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከስሮ፣ ሌላ ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፡፡

ከባሕር ዳርቻ የተነሣ ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፡፡ የወጣ ሁሉ ደግሞ ይወርዳል፡፡ መውጣት የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ጉልበት ያነሰው ባቡር ቢበዛ ይቆማል፡፡ መውረድ ግን የፍሬን ጉዳይ ነው፤ ፍሬን ያነሰው ባቡር አይቆምም፡፡

ሰማንያ ሰው የከፈለበት ትምህርት

በባቡር የመጀመሪያ ዘመን የፉርጎዎቹ ፍሬን ሰው ነበር፡፡ ሹፌሩ ፊሽካ ሲነፋ በየፉርጎው የተመደቡ ሠራተኞች እየሮጡ የእጅ ፍሬን ያጠብቃሉ፡፡ ዝናብ ይሁን ጨለማ፣ ያው ሩጫ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1869 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት (ያኔ ገና 22 ዓመቱ ነበር) ከሎኮሞቲቩ ወደ ፉርጎዎቹ የታመቀ አየር በቱቦ የሚልክ ፍሬን ሠራ፡፡ ሹፌሩ አንድ እጀታ ሲያዞር የሁሉም ፉርጎ ፍሬን ይይዛል፡፡ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ጉድ አለበት፡፡ ቱቦው ከተበጠሰ ማንም አይቆምም፡፡

እሱም ይህን አይቶ ሐሳቡን ገለበጠው፡፡ በ1872 ባወጣው አዲስ ሥራ እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱን የአየር ጋን ይዞ ይሄዳል፡፡ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ፍሬኑን የሚያስይዝ ሳይሆን ለቆ የሚያቆይ ሆነ፡፡ ግፊቱ ሲጠፋ፣ ሹፌሩ ቢያጠፋውም ቱቦው ቢበጠስም፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ራሱን በራሱ ያቆማል፡፡ በአጭሩ፣ ደህናው ፍሬን ግንኙነት ሲበጠስ የሚይዝ እንጂ ግንኙነት ሲበጠስ አብሮ የሚጠፋ አይደለም፡፡ (ይህችን ዐረፍተ ነገር ለሌላ ነገር ምሳሌ ማድረግ የፈለገ መብቱ ነው፡፡ እኔ የማወራው ስለ ፍሬን ነው፡፡)

ዓለም ይህን ወዲያው ሰማ እንዳትሉ፡፡ ሰኔ 1889 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ውስጥ አርማ ከምትባል ከተማ ለሽርሽር የወጡ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን የጫነ ባቡር ዳገት ላይ አቃተው፡፡ ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፍለው ለማሻገር የኋለኞቹን ፉርጎዎች ፈቱ፡፡ የባቡሩ ፍሬን ግንኙነት ሲቋረጥ የሚለቅ ዓይነት ነበር፡፡ የተፈቱት ፉርጎዎች ቁልቁል ተንደርድረው ከኋላ ከሚመጣ ሌላ ባቡር ጋር ተላተሙ፡፡ ሰማንያ ያህል ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ፡፡ የእንግሊዝ ፓርላማ በመንገደኛ ባቡሮች ላይ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ግዴታ የሚያደርገውን ሕግ ያወጣው በዚያው ዓመት ነው፡፡ ዘዴው ከታወቀ 17 ዓመት አልፎት ነበር!

ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው ከዚህ አደጋ 13 ዓመት በኋላ ነው፡፡ ሆኖም ፍሬን ብቻውን ሁሉን አያድንም፡፡ ጥር 1977 ዓ.ም. በዚሁ በእኛው መስመር፣ አዋሽ አጠገብ፣ አንድ ፈጣን የመንገደኞች ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ወደ ገደል ወረደ፡፡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 428 ነው፡፡ ፍሬን የሚያድነው በጊዜው ለያዘው ነው፡፡

ከሐዲድ ወደ አስፋልት

ጭነት ከሐዲድ ወደ አስፋልት ሲዞር ጥያቄውም አብሮ ዞረ፡፡ የእነ ‹‹ኤንትሬ›› ፊያትን ዘመን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ወይም ዛሬ የጅቡቲ መንገድ ላይ ከተሳቢ መኪና ኋላ ተሰልፋችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ በመኪናውና በተሳቢው መካከል የሚንጠለጠሉትን ቱቦዎች ልብ በሏቸው፡፡ አንዱ ለተሳቢው አየር ያቀብላል፤ ሌላው የሹፌሩን እግር ትእዛዝ ያደርሳል፡፡ አቀባዩ ቱቦ ሲበጠስ ተሳቢው በራሱ ጋን አየር ይይዛል፡፡ የዌስቲንግሃውስ ሐሳብ ጎማ አውጥቶ መጣ ማለት ነው፡፡

ፒካፕ ግን የአየር ፍሬን የለውም፡፡ በዘይት ነው የሚይዘው፡፡ ስለዚህ ለትናንሽ ተሳቢዎች ሌላ መላ ተፈጠረ፤ ኤሌክትሪክ፡፡ በተሳቢው ጎማ ታምቡር ውስጥ ማግኔት ይቀመጣል፡፡ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይጣበቅና አብሮት ሊሄድ ሲል ማንሻውን ይገፋል፤ ማንሻው ሸራውን ያስይዛል፡፡ ስንት ኤሌክትሪክ ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ከዳሽቦርዱ ሥር የሚታሰር የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ የሚባል ትንሽ ሣጥን ነው፡፡

ይህ ሣጥን አሮጌ ፒካፕ ላይ ሲገጠም የሚፈልገው አራት ሽቦ ነው፡፡ አንዱ ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊዩዝ በኩል ይመጣል፡፡ ሁለተኛው ወደ ኔጋቲቭ ይመለሳል፡፡ ሦስተኛው ከፔዳሉ ላይ ካለው የፍሬን መብራት ማብሪያ ይወሰዳል፤ ያውም ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው ወገን፡፡ ከሌላው ወገን የወሰደ ኤሌትሪሺያን ተሳቢውን ሙሉ ቀን ፍሬን አስይዞ ያውለዋል፡፡ አራተኛው ወደ ኋላ፣ ወደ ተሳቢው ይሄዳል፡፡ ከሣጥኖቹ ርካሾቹ በሰዓት ቆጠራ ቀስ በቀስ ኃይል ይጨምራሉ፤ የተሻሉት ደግሞ መኪናው ምን ያህል እየቀነሰ እንደሆነ ለክተው በዚያው ልክ ተሳቢውን ያስይዛሉ፡፡

አምስተኛ ነገርም አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው፡፡ ተሳቢው ላይ የራሱ ትንሽ ባትሪና ከመኪናው በገመድ የታሰረ ሶኬት ሊኖር ይገባል፡፡ ተሳቢው ቢፈታ ገመዱ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ባትሪውም ፍሬኑን ያስይዛል፡፡ ይህ ሲቀር በ1889 ወደነበሩት የአርማ ፉርጎዎች ተመልሰናል፡፡

ደንገጎ

‹‹አቦ ምንም አይልም፣ የፊቱ ፍሬን ይበቃል›› ለሚል ወዳጅ አንዲት ሒሳብ አለችኝ፡፡ ከሐረማያ ሜዳ ተነሥቶ በደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፡፡ ፒካፑና ተሳቢው ከነጭነታቸው 3 ቶን ይመዝኑ እንበል፡፡ ይህ ክብደት ያን ያህል ሲወርድ የሚወጣው ኃይል 70 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል፡፡ ሞተሩና ንፋሱ የሚችሉትን ይወስዳሉ፤ የተረፈው ሁሉ የሚገባው ሸራ ውስጥ ነው፡፡ የተሳቢው ጎማዎች ካላገዙ ሙቀቱን የሚሸከመው የፒካፑ ሸራ ብቻ ነው፡፡ ሸራው ሲግል ይንሸራተታል፣ የፍሬኑ ዘይት ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል፡፡ በከባድ ማርሽ መውረድ ያግዛል፤ ግን የተፈታ ተሳቢ ማርሽ የለውም፡፡ በማግስቱ ዜናው ‹‹ፍሬን በጥሶ›› ይላል፡፡ ያልተገጠመ ፍሬን ምኑ ይበጠሳል?

ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኛል፡፡ እሱም ቢሆን ፉርጎዎቹን የሚያቆመው ያው በ1872 በተገለበጠው ሐሳብ ነው፡፡ እንግዲህ ተሳቢ ልታንጠለጥሉ ያሰባችሁ የድሬ ልጆች፣ ጋራዥ ስትሄዱ ስለ መጎተቻው ኳስ ብርታት ብቻ አትጠይቁ፡፡ ‹‹ቢፈታስ በምን ይቆማል?›› ብላችሁ ጠይቁ፡፡ መካኒኩ መልስ ከሌለው ደንገጎን ለሌላ ቀን አቆዩት፡፡

ቸር ያሰንብተን፡፡