የታንክ ብረትና የሰው ልጅ

ጦርነት ከሚያጠፋው ሁሉ ለመተካት እጅግ የሚያስቸግረው ሰው ነው። ይህም ነገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሩሲያ ምድር በግልጽ ታየ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. በሰኔ ወር የጀርመን ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ በኋላ፥ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ከሶቪየት ሠራዊት ከ20,000 የሚበልጡ ታንኮች ጠፉ፤ ከሠለጠኑት ነጂዎችና ተኳሾችም ብዙዎቹ አብረው አለቁ።

የብረቱ ጕድለት በፋብሪካ ተሞላ። የሌኒንግራድና የካርኮቭ ፋብሪካዎች መሣሪያቸው በባቡር ተጭኖ ወደ ኡራል አገር ተወሰደና በቼልያቢንስክና በኒዥኒ ታጊል ታንክ ይሠራ ጀመር። ሰው ግን እንደ ብረት ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ አይደለምና መምህር፥ ጊዜና ነዳጅ ያስፈልገው ነበር፤ ሦስቱም አነሱ። ስለዚህ ብዙ ወጣቶች ታንክ የነዱት ጥቂት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ ወደ ፋብሪካ ተላኩ። በዚያም ታንካቸውን ከሠራተኞቹ ጋራ እየገጣጠሙ ጠባዩን ተማሩ፤ ከዚያም ከታንካቸው ጋራ በባቡር ወደ ጦር ግንባር ሄዱ።

ቲ-34 የተባለው ታንክ የሚይዘው አራት ሰው ብቻ ስለ ነበረ አዛዡ ራሱ መድፉን ይተኩስ ነበር። ጠላትን መፈለግ፥ ጓደኞቹን ማዘዝና ማነጣጠር በአንድ ሰው ላይ ወደቀ። አምስተኛ ሰው የተጨመረው በ1944 ዓ.ም. ትልቅ መድፍ ያለው ዐዲሱ ቲ-34 በመጣ ጊዜ ነው። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የኡራል ሠራተኞች በፈቃዳቸው ተመዝግበው አንድ የታንክ ክፍለ ጦር አቆሙና በዚያው ዓመት በኦርዮል ተዋጉ።

ባሏ በጦርነቱ የሞተባት ማሪያ ኦክትያብርስካያ ንብረቷን ሸጣ የአንድ ታንክ ዋጋ ሰጠች፤ ነጂውም እርሷ ትሆን ዘንድ ለመነች። ተፈቅዶላትም አምስት ወር ተማረች፤ ይህም በዚያ ዘመን ረዥም ነበረ። ትምህርቷም በጥቅምት 1943 ዓ.ም. ተፈተነ፤ ታንኳ በተመታ ጊዜ በጥይት መካከል ወርዳ አበጀችው። በጥር 1944 ዓ.ም. እንደዚሁ ስትጠግን ቈሰለች፤ በመጋቢትም ዐረፈች።

ኋላም ችግሩ ወደ ጀርመን ተሻገረ። ነዳጅ ስላነሰ ነጂዎች በእንጨት ጋዝ በሚሄዱ አሮጌ ታንኮች ይማሩ ነበር።

መንግሥታት የታንክ ቍጥር በመዝገብ ይጽፋሉ። ነገር ግን ፋብሪካ የተቃጠለውን ታንክ በሌላ ሲተካ፥ በውስጡ የነበረውን ልጅ ለእናቱ የሚመልስ ፋብሪካ አልተገኘም።